የጆሮ ቃል አይወጣም

ሾንጋ መሞቱን የሰማሁት ቦዲቲ ላይ ነው። የአውቶቡሳችን ጎማ ተንፍሶ፣ ረዳቱ እስኪቀይር ድረስ ጥላ ፈልጌ ተቀምጬ ነበር። የተናገረው ሰው ስሙን እንኳ አላስታወሰውም። «ያ ‹በርጩማ ተለዋወጡ› ይል የነበረው መምህር ዐረፈ አሉ፤ ነገ ሁምቦ ይቀበራል» አለ፤ እሱንም ለእኔ ሳይሆን አጠገቡ ለነበረችው ሴትዮ። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ተነሥቼ ሻንጣዬን ከጣሪያው ላይ አስወረድኩና ወደ ሶዶ የሚመለስ መኪና ፍለጋ መንገዱን ተሻገርኩ። ረዳቱ «ጋሼ፣ ቲኬት ከተቆረጠ አይመለስም!» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። «ውጠው!» አልኩት። በዚህ ዕድሜዬም ቁጣዬ አልለቀቀኝም። ሾንጋ ቢሰማኝ ኖሮ ማጅራቱን እያሻሸ፣ «ውጠው ነው ያልከው? እሺ፤ ውጠው ብለሃል» ይለኝ ነበር።

አነጋገሩ እንዲህ ነበር። ያልከውን መልሶ ሳይነግርህ መልስ አይሰጥህም። በሃምሳዎቹ አጋማሽ ሶዶ ተመድቤ ስመጣ አንድ ግድግዳ የሚለያቸው ሁለት ክፍሎች ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔ ከመንዝ የመጣሁ የሒሳብ መምህር፣ እሱ የአገሩ ልጅ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ጥርሴን ነክሼ ነው ያሳለፍኳቸው። «ሾንጋ፣ በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው እንጂ!» ስለው፣ «በሩ ነው ያናደደህ ወይስ ቀኑን ተማሪዎቹ አናደውህ ነው የገባኸው?» ይላል። መልሱ ሁልጊዜ ሁለተኛው ነበር። ይኸው ነበር የባሰ የሚያበግነኝ።

ረጅም ቀጭን ሰው ነበር፤ ክርኑ የተጣፈ አንድ ኮት ነበረው። ሰው ሲያዳምጥ ማጅራቱን ያሻል፤ ነገሩ ሲከብድ ደግሞ እጁ እዚያው ይቀራል። ስለ ራሱ አያወራም። ቤተሰቡ ቆላ እንዳሉ ብቻ ነግሮኛል፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ዳይሬክተራችን የግብረ ገብን ክፍለ ጊዜ ለእሱ የሰጠው ሌላ የሚፈልገው ስለ ጠፋ ነው። ሾንጋ በመጽሐፉ ጥቂት አስተማረበትና ዘጋው። «ታላቅህን አክብር፣ አትስረቅ የሚለውን እናቶቻቸው ነግረዋቸዋል» አለኝ፤ ለእራት የቀቀልነውን ቦዬ እየላጠ። «ያልተነገራቸው፣ የማይስማሙ ሁለት ሰዎች ሳይጋደሉ እንዴት ተነጋግረው እንደሚነሡ ነው። እሱን ደግሞ በንባብ አይማሩትም። ተጫውተው ነው።»

«ምን ተጫውተው?»

«ጠብ።»

ጠብን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። መጀመሪያ ነገር ይፈልጋል። ገበያ ይወጣል፣ የጸሎት ቤቱ ደጅ ይቆማል፣ ሰው የሚጣላበትን ይሰማል። አንዱ በሬ ተውሶ እግሩን ሰብሮበታል፤ ወንድማማቾች በእንሰት አጥር ይካሰሳሉ። ከሰማው ውስጥ አብዛኛውን ይጥለዋል። «አንዱ ወገን ብቻ እውነት ካለው ለጨዋታ አይሆንም፤ ዳኛ ዘንድ ይሂድ» ይላል። ሁለቱም ወገን እውነት ያለው ነገር ሲያገኝ ስሙንና አገሩን ይቀይርና ለእያንዳንዱ ተጫዋች ድርሻ ያወጣለታል፤ የምትፈልገው ይህ ነው፣ የምትፈራው ይህ ነው፣ ለማንም የማትነግረው ደግሞ ይህ ነው። ድርሻውን አይጽፈውም። ተማሪውን ወደ ጥግ ወስዶ በጆሮው ይነግረዋል። የማይሻር ሕግ ነበረው፦ የጆሮ ቃል አይወጣም፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ቢሆን።

ለተማሪዎቹ ከመስጠቱ በፊት በእኔ ይሞክረው ነበር። በዚያ ቤት ስንቱን በሬ ሸጫለሁ፣ ስንቱን አጥር አፍርሻለሁ! አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድም ሆኜ ስከራከር እውነት መስሎኝ በርጩማውን በእርግጫ ብዬው ወጣሁ። ተከትሎኝ መጣ። ይቅርታ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። «ይህ ጨዋታ ገና አልበሰለም፤ መውጫ አልተውኩልህም» ብሎኝ ተመልሶ ገባ፤ እንደገናም ሠራው። «ሰው መግቢያ ቢያጣ ደጅ ይጠናል፤ መውጫ ቢያጣ ግን ይናከሳል። ለባላጋራህ በር ተውለት» ይል ነበር።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ማጨብጨቡ ነበር። ክርክሩ ሲጦፍ እጁን ያጨበጭብና «በርጩማ ተለዋወጡ!» ይላል። ሻጭ የነበረው ገዢ ይሆናል፣ ከሳሽ የነበረው ተከሳሽ። አዲስ የጆሮ ቃል ይነገረውና አሁን ራሱ የተናገረውን ነገር መልሶ ራሱ ይረታል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በዚያ ጊዜ ሕፃን እንዳይመስላችሁ፤ ጢም ያወጣ ነበር፣ ልጅ የወለደም ነበር። እነዚያ ጎረምሶች በዚያች ጭብጨባ ላብ ላብ ሲላቸው አይቻለሁ።

ከእነሱ መካከል ሰይፉ የሚባል የግራዝማች ይመኑ ልጅ ነበር፤ ለአባቱ አንድ ብቻ። የግራዝማች መሬት ከሁምቦ እስከ ተበላ ከተማ መንገድ ይደርሳል። በዚያ ዓመት ግራዝማች ትራክተር አምጥተው ጥጥ ሊዘሩ ነው፣ ጭሰኞቹ ከበልግ በፊት ይነሣሉ የሚል ወሬ ሶዶን ሞላው። ሾንጋም ጥርን ሙሉ አንድ ጨዋታ ሲያበስል ከረመ። ባለርስቱ መሬቱን ለትራክተር ይፈልገዋል፤ ጭሰኛው አባቱን ቀብሮበታል።

«ስሙን ብትቀይረውም የማን ነገር እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል» አልኩት። «ልጁም እዚያው ክፍልህ ውስጥ ነው!»

ማጅራቱን ያዘ። «ልጁ ባይኖር ይሻላል ብለሃል።»

«ብያለሁ!»

«ታ ኢሻ፣ ነገሩን አንድ ቀን የሚወርሰው እሱ አይደለም እንዴ? እሱ ካልተማረው ማን ይማረው?» አለኝ። ታ ኢሻ ማለት ወንድሜ ማለት ነው፤ እንዲህ ሲለኝ ሐሳቡን እንደማይቀይር ዐውቅ ነበር።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ክፍሉ ስለ ሞቀ ተማሪዎቹን ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ዳር ወዳለው ሜዳ አወጣቸው። ተማሪዎቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ መካከላቸው ሁለት በርጩማ። እኔ ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ዳር ቆሜ አያለሁ። ሰይፉ መጀመሪያ የደረሰው የጭሰኛው ድርሻ ነው። ልጁ አፍ ነበረው። «ይህን ዛፍ የተከለው አባቴ ነው፤ ሥሩም ያረፈው እሱ ነው። ትራክተሩ ሲያርስ አጥንቱን ምን ልታደርጉት ነው?» ሲል የባለርስቱ በርጩማ ላይ የተቀመጠው የአናጢ ልጅ በርጩማውን ወደ ኋላ ሳበ።

ወላይታ ውስጥ ሰው በሜዳ ክብ ሠርቶ ነገር ሲነጋገር ዱቡሻ ነው፤ ከዱቡሻ ደግሞ መንገደኛ አይባረርም። ሸክሙን አውርዶ ይቀመጣል፣ ይሰማል፣ ካሻውም ይናገራል። ከገበያ የሚመለሱ የሁምቦ ሰዎች አንድ በአንድ አህዮቻቸውን እያሰሩ ተቀመጡ። ከፊታቸው ባሳ የሚባሉ ጠጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። ሾንጋ ቀርቦ በቋንቋቸው ነገራቸው፤ ትምህርት ነው፣ ልጆቹ እየተጫወቱ ነው አላቸው። «ትምህርት ከሆነማ እንማር» አሉና በትራቸውን ተደግፈው ተመቻቹ።

አጨበጨበ። በርጩማ ተለዋወጡ። ሾንጋ ሰይፉን ወደ ጥግ ወስዶ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በጆሮው ነገረው፤ ከወትሮው ረዘም ያለ መሰለኝ። ሰይፉ ተመልሶ የባለርስቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የአናጢው ልጅ ብልጥ ነበር፤ ሰይፉ ቅድም ያለውን ቃል በቃል መለሰለት፤ ዛፉን፣ አባቱን፣ አጥንቱን። ሰይፉ መሬት መሬት አየ።

«አላስነሣችሁም» አለ በመጨረሻ። «መሬቱ ላይ ኑሩ። ቃሌ ነው።»

ባሳ እርጥብ ሣር ነጭተው ተነሡ። ሾንጋ «አባቴ፣ ቆዩ፣ ይህ እኮ...» ብሎ ሮጠ። ሽማግሌው ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ትምህርት እንደሆነ ነግረኸኛል። ቃል ግን የትም ቢወጣ ቃል ነው» አሉና ሣሩን ዘርግተው መረቁ። የሁምቦ ሰዎች አሜን አሉ። ተማሪዎቹም ከልማድ አሜን አሉ። አሜን ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል?

ወሬው ከአህዮቹ ቀድሞ ሁምቦ ገባ። የግራዝማች ወኪል ጭሰኞቹን ተነሡ ሊል ቢወርድ፣ «ልጃቸው በዱቡሻ ቃል ሰጥቶናል፤ ተመርቋል» ብለው መለሱት። ግራዝማች ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትለው ትምህርት ቤት መጡ። ዳይሬክተራችን ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ ግራዝማች አልተቀመጡም።

«በልጄ ጆሮ ምን አልክ?» አሉ ሾንጋን።

«የጆሮ ቃል አይወጣም፣ ጌታዬ።»

«እኔ አባቱ ነኝ!»

«አባቱ ነኝ ብለዋል። ልክ ነው። ቢሆንም አይወጣም።»

ግራዝማች ወደ እሱ ቀረቡ። «እንግዲያው ስማ። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ሁምቦ ትወርዳለህ። የልጆች ዕቃቃ ነበር ብለህ በቋንቋቸው ትነግራቸዋለህ፤ እሺ ብለው ይነሣሉ። እምቢ ካልክ አንተ እስር ቤት፣ እነሱ በፖሊስ። ምረጥ።»

ሲወጡ ሾንጋን ክንዱን ያዝኩት። «አትሂድ! ብትናገር ሰው ታስነቅላለህ፤ ባትናገር ትታሰራለህ!» እጁ ማጅራቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ፈራሁለት፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴም ፈራሁ።

ቅዳሜ ሳልጠራ የግራዝማች ላንድሮቨር ኋላ ላይ ወጣሁ። ሰይፉ ከፊት፣ በአባቱ አጠገብ ነበር። ወደ ቆላው በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየባሰ ሄደ። ግራሩ ሥር ሕዝቡ ተቀምጦ ቆየን፤ ባሳም ነበሩ። ሾንጋ ገና ሲወርድ አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣች፤ «ታ ናዓው» ብላ የኮቱን አቧራ በመዳፏ አራገፈችለት። ልጄ ማለቷ ነው።

ግራዝማች ደርቀው ቀሩ። «እናትህ ናት?»

«እናቴ ናት።»

«አያችሁ! የጭሰኛዬ ልጅ ነው! አስቦበት ነው ያደረገው!» ጠመንጃ የያዙት ሁለቱ ወደ ፊት ቀረብ አሉ። እኔም ክው አልኩ። ስንት ጊዜ አብሬው በልቻለሁ፤ ትራክተሩ የሚያርሰው የእናቱን ጓሮ መሆኑን አንድ ቀን አልነገረኝም! የእኔ ቁጣ መቼም ጊዜ አይመርጥም፤ እዚያው ላይ ተናደድኩበት።

ሾንጋ ግራሩ ሥር ቆመ። ይዋሻል ብዬ ነበር፤ ቢዋሽም ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሸም። «ጨዋታ ነበር» አላቸው በቋንቋቸው፣ ቀጥሎም በአማርኛ። «ልጆቹን ላስተምርበት የሠራሁት ነው። ግራዝማች ቃል አልሰጧችሁም።» ከሴቶቹ በኩል ለቅሶ ተሰማ። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አንድ ገበሬ ተነሣ። «ግራዝማች፣ መሬቷ እኛን ያውቃል፤ እኛም እሷን እናውቀዋለን» አለ። አማርኛው ሴትና ወንዱን ቢያምታታም ነገሩ አልተምታታም። «ወዴት ነው የምንሄደው?»

ያኔ ባሳ በትራቸውን ተክለው ተነሡ። «መምህሩ እውነት ተናገረ፤ ተባረክ። የመረቅኩት ግን የእሱን ቃል አይደለም። የዚያን ልጅ ነው። ቃሉን የሚያነሣው የተናገረው አፍ ነው። የተመረቀ ቃል የሚያነሣ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያገኘው ግራዝማችም እዚህ አገር ኖረው ያውቁታል።»

ያውቁታል። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ቃል አፍራሹን እርግማን ያገኘዋል ይባላል፤ አንድ ልጅ ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አይቀልድም። ሰይፉ ወደ መካከል ወጣ።

«ጨዋታ ነበር» አለ። «የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ግራዝማች ዱላቸውን ጨበጡ። ሊመቱት መሰለኝ። ቃሉን ቢያፈርሱ ልጃቸውን ይፈሩለታል፤ ቢቀበሉ በጭሰኞቻቸው ፊት በልጃቸው ተረቱ። ግራም ቀኝም የለም። ጠመንጃ የያዙት ዐይን ዐይናቸውን ያያሉ። «በጆሮህ ምን አለህ?» አሉ። «ተናገር! ምን አለህ ይህ ሰው?»

ሰይፉ አፉን ሊከፍት ሲል ወደ ሾንጋ ዞረ። ሾንጋ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። ቀጥሎም ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው፣ «የጆሮ ቃል አይወጣም» አለ። ልጁ ዝም አለ።

«በቃ!» አሉ ግራዝማች፤ ትንፋሻቸው ረጅም ነበር። «ልጄ አላጠፋም። ያሳሳተው ይህ ነው፤ በጆሮው መርዝ ያፈሰሰበት ይህ የጭሰኛ ልጅ ነው! ቃሉ ከቤቴ አፍ ወጥቷልና እኔ ይመኑ አላፈርሰውም። ቆዩ። ይህን ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አገር እንዳላየው!»

ሕዝቡ መሬት እየሳመ እልል አለ። ሾንጋ እጁን ከማጅራቱ አወረደ።

ብዙም ሳይቆይ ከአገሩ የራቀ ጠረፍ ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ጭነት መኪና ላይ ሲወጣ፣ «አሁን እንኳ ንገረኝ፤ ምን አልከው?» አልኩት። «ምን እንዳልኩት ማወቅ ፈልገሃል» አለና ሳቀ። ባንቀው ደስ ባለኝ! በልጁ ጆሮ ልቡን የሚያለሰልስ ነገር ተናግሮ እናቱን እንዳዳነ ለዓመታት አምን ነበር። ቢያደርገውም አልፈርድበትም፤ እኔ ብሆን ከዚያ የባሰ አደርግ ነበር። ሰዎቹ የመሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አልተነሡም። እናቱ የሞተችው እሱ ጠረፍ ሳለ ነው፤ መርዶው ዘግይቶ ደረሰው፣ ሳይቀብራት ቀረ። ወደ ሁምቦ የተመለሰው አርጅቶ ነው።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ከመዘምራኑ ጀርባ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል፤ ሰይፉ ነበር። ተሳሳምን። እኔ ነኝና አልቻልኩም፣ ያን ቀን ሾንጋ በጆሮው ምን እንዳለው ጠየቅኩት።

«ከሞተ ወዲያ የሚቀየመኝ አይመስለኝም» አለ። «‹አንተ ባለርስቱ ነህ። የምትፈልገው መሬቱን ነው። ምንም ቢሉህ እንዳትለቅ› ነው ያለኝ። ያልሰማሁት መስሎት ደገመልኝ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርክም? ነፃ ይወጣ አልነበረም?»

«ልናገር ስል ራሱን ነቀነቀብኝ። መንገድ ላይ፣ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ስመለስ ነው የገባኝ። ተናግሬ ቢሆን አባቴ በማን ያሳብብ ነበር?»

እጄ ሳላውቀው ማጅራቴን ይዞ ነበር።

«‹እንዳትለቅ› ብሎሃል» አልኩት።

«ብሎኛል።»

ሣጥኑን አነሡት። ጉድጓዱ ከእናቱ መቃብር ጎን ተቆፍሮ ነበር፤ እንዳትለቅ ያለው መሬት ላይ።